የሊቶኒያ ግራናይት የመጨረሻ ቅዳሜ

ኢንተርኔት ላይ «ሊቶኒያ ግራናይት» ብላችሁ ብትፈልጉ አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚወጣው። ማን እንደጻፈው አላውቅም። የፈረሱ ቡድኖችን እየፈለገ ሲመዘግብ የሚውል ሰው አይጠፋም አይደል፣ እሱ ይሆናል። አትላንታ አጠገብ ያለችው የሊቶኒያ ከተማ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ሦስት ሲዝን ተጫወቱ፣ ሰባት ጊዜ አሸነፉ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ተሸነፉ፣ ማልያቸው ጥቁርና ነጭ፣ ባለቤቱ ጎማ ቤት የነበረው ሰውዬ፣ ከዛ ፈረሱ። ይኸው ነው ታሪኩ። መጨረሻው ላይ ብቻ አንድ መስመር አለች። በቡድኑ ታሪክ ብዙ ተመልካች የገባው በመጨረሻው ጨዋታ ነው፣ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ሰው፣ ምክንያቱ አልታወቀም ትላለች።

እኔ አውቀዋለሁ። ግማሾቹን ተመልካቾች በስም ልጠራላችሁ እችላለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ያንን ጁን ሳስበው ውሃ ውስጥ ሆኜ እንደማየው ነው። ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፣ ድምጹ ከሩቅ ይመጣል፣ ብርሃኑ ይወዛወዛል። አትላንታ በጁን እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል፤ አየሩ የሚጠጣ ነው የሚመስለው። ዛፎቹ ላይ የማይታዩ ነፍሳት ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ። እኔ ታዲያ የሙቀቱ ድምጽ ይመስለኝ ነበር። ሙቀት ድምጽ እንደሌለው ያወቅኩት ትልቅ ልጅ ሆኜ ነው፣ አይ ኖው፣ ትንሽ ያሳፍራል።

አባቴ አሸብር የግራናይት ተጫዋች ነበር። አሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ስላችሁ ትከሻው በር የማያሳልፈው ሰው እንዳይመስላችሁ። ቀጭን ነው። ስራው ኤርፖርት ሹፌርነት ነው፣ መንገደኛ ከተርሚናል ወደ መኪና ኪራይ ቦታ ያመላልሳል፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከሰዓት ይመለሳል። ቡድኑ የሚለማመድበት ሜዳ የኔ ትምህርት ቤት ጎን ነበር። አንድ ቀን አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ በአጥሩ በኩል ስናልፍ ያቺ ሁለት ጫፏ የሾለ ኳሳቸው አጥር ዘላ እግሩ ስር ወደቀች። አባቴ ዲላ እያለ የከተማው የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። የስራ ጫማውን እንዳደረገ መለሰላቸው። ኳሷ አጥሩን አለፈች፣ ተጫዋቾቹን አለፈች፣ ሁለቱን ቢጫ ቋሚዎች መሃል ለመሃል አልፋ ሄደች። ኮች ዳርኔል፣ የቡድኑም የጎማ ቤቱም ባለቤት፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰውዬ፣ እየጮኸ ሮጦ መጣ። አባቴ ጥፋት ያጠፋ መስሎት እጁን ዘርግቶ «ሶሪ፣ ሶሪ፣ ማይ ሚስቴክ» እያለ ወደኋላ ሸሸ።

ለማታውቁት፣ በአሜሪካኖች ኳስ ሁሉም ሰው ኳሷን በእጁ ነው የሚይዘው። በእግሩ መትቶ ነጥብ የሚያስቆጥር አንድ ሰው ብቻ አለ። ያ ሰው ጨዋታውን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይቆይና ሲጠሩት ይነሳል፣ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ይልካታል፣ ሦስት ነጥብ፣ ተመልሶ ቁጭ። አባቴ ያ ሰው ሆነ።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ይሄ ነገር ቀልድ ነበር። በተለይ ለአንክል መክብብ። አንክል መክብብ ሮዝዌል ነዳጅ ማደያ ያለው የአባቴ ጓደኛ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰርግ እንኳን የማይዘጋ።

«አሸብር፣ በሳምንት አስራ አምስት ሰኮንድ ነው አሉ የምትሰራው?»

«አስራ ሁለት» ይላል አባቴ።

«እንደሱ ያለ ስራ ካለ ለኛም አፕላይ አድርግልን እንጂ!»

«እግር ይጠይቃል፣ መክብብ። አንተ ያለህ ሆድ ነው።»

እንደዛ እየተባባሉ ሦስት ዓመት አለፈ። ጨዋታውን ሊያይ የመጣ ሀበሻ ግን ከእኔና ከእናቴ ሌላ አንድም አልነበረም።

የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ አባቴ ጎማ ሊያስቀይር ኮች ዳርኔል ጋ ሄድን። አባቴ ውጪ ከሠራተኞቹ ጋር ሲያወራ እኔ ቢሮው ውስጥ አሮጌ ጎማ መሃል ገብቼ ተቀምጬ ነበር፣ እንደ ወፍ ጎጆ። ኮች አላየኝም። ስልክ ላይ ነው።

«ቅዳሜ የመጨረሻው ነው» ይላል። «ከዛ በኋላ ግራናይት የሚባል ነገር የለም። ለልጆቹ ሲያልቅ ነው የምነግራቸው። አሁን ከሰሙ ማን ይሮጥልኛል?»

የጎማው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባቴ በሳምንት ውስጥ ሲስቅ የማየው እዛ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ሌላውን ጊዜ ወይ ይነዳል ወይ ይተኛል።

ቤት ስንደርስ አባቴ ገላውን ሊታጠብ ገባ። እኔ ለእናቴ ለመንገር ወደ ኪችን ሮጥኩ። እናቴ ሕይወት ቆማለች፣ ክላርክስተን ሱቅ ያላት ጓደኛዋ አንቲ ሃኒ እጇን ይዛታለች፣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ዓለምብርሃን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያቺን ሁልጊዜ የሚለብሷትን ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰዋል። እንደ ዶሮ አንገታቸውን ወደፊት አውጥተው ነው የሚያንሾካሹኩት።

«እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳይሰማ» አሉ ጋሼ።

«አምስት ቀን ሙሉ? ፊቱን እያየሁ?» አለች እናቴ።

«ታዲያ ሰው እንዴት ይሰብሰብ፣ የኔ ልጅ? አንዱ ጠዋት ይገባል፣ አንዱ ማታ ይገባል። ሁሉም ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። ሁለት ሦስት ሆነን ገብተን ልንነግረው ነው? ወግ አለው እኮ።»

«ጨዋታውስ?» አለች አንቲ ሃኒ።

«ይጫወት» አለች እናቴ። «እሷን እንኳን ይጫወታት።»

ከዛ አዩኝ። ሦስቱም በአንዴ ቀና አሉ። «ኤልዬ!» አለች አንቲ ሃኒ። «ና ሳመኝ! እንዴት አድገሃል!» ያየችኝ እሁድ ነው። ሰኞ ላይ ነን።

እኔ ግን ገብቶኛል። ሰምተዋል፣ የቡድኑን መፍረስ ሰምተዋል! አባቴ ልቡ ተሰብሮ እንዳይጫወት እስከ ቅዳሜ ሊደብቁት ነው። እናቴን እንደዛን ቀን የወደድኳት ጊዜ የለም። በልቤ ከነሱ ጋር ሆንኩ። አባቴ ከቅዳሜ በፊት እንዳይሰማ መጠበቅ የኔም ስራ ሆነ።

ማክሰኞ እናቴ የአባቴን ሱሪ ለማጠብ አነሳች። ኪሱን ዳበሰች። ስልኩን አወጣች፣ አየችው፣ እንደገና ኪሱ ውስጥ ከታ ማሽኑን አስነሳችው። በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ሱሪው ሲሽከረከር ስልኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ይመታል። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አውራ ጣቴን አነሳሁላት። ፊቷ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

«ውይ አሼ፣ ስልክህን አጠብኩት መሰለኝ!» አለች ማታ። እንደሷ ያለ አክተር አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ አባቴ ወደ ዲላ መደወያ ካርድ ሊገዛ አንቲ ሃኒ ሱቅ ሄድን። እህቱ ጋ ሊደውል ነው፣ እትዬ ማርታ ጋ። በየሳምንቱ ይደውልላታል። እሁድ ሲደውል «ተኝታለች» ብለውት ነበር።

«ካርድ አልቋል» አለች አንቲ ሃኒ፣ በርበሬ እየመዘነች፣ ቀና ሳትል።

እኔ ደግሞ ጅል ነኝ፣ ከጀርባዋ ተሰቅሎ አየሁት። «አንቲ ሃኒ፣ ያው ከኋላሽ! ብዙ አለ!»

«ያ የናይጄሪያ ነው።»

«የኢትዮጵያ ባንዲራ አለበት እኮ!»

«ናይጄሪያም እንደሱ ያለ ባንዲራ አለው፣ ዝም በል!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዛ አንድ እፍኝ ከረሜላ እጄ ላይ ጨመረችልኝ። አባቴ ሳቀ። «ዛሬ ምን ነክቷታል?» አለኝ መኪና ውስጥ። እኔ ካርዱ ከቡድኑ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ስላልገባኝ ከረሜላዬን በላሁ።

ሐሙስ የቤት ስልክ ጮኸ። እናቴ ስራ ነች፣ አባቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቶሎ አነሳሁት። ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የምትናገር የምትመስል ሴትዮ ናት። ድምጿ ይቆራረጣል። «አሸብር አለ? አሸብርን ስጠኝ፣ የኔ ጌታ» ትላለች። ከኋላዋ ሰዎች ይጮሃሉ። ኳስ ሜዳ ያለች ነው የመሰለኝ። ለኮች ዳርኔል የምትሰራ ሴትዮ ናት ብዬ ወሰንኩ። በአማርኛ ለምን እንደምታወራ ራሴን አልጠየቅኩም። የስምንት ዓመት ልጅ ሁሉን ነገር አይጠይቅም።

«ሮንግ ነምበር» ብዬ ዘጋሁባት። ገመዱንም ከግድግዳው ነቀልኩት።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። ያቺ ሴትዮ የአባቴ አክስት ልጅ ነበረች። ከኋላዋ የነበረው ጩኸት ለቅሶ ነው። ሰኞ ጠዋት ከዲላ ለጋሼ ዓለምብርሃን ተደውሎ ነበር፣ ለሐዘኑ ባለቤት በቀጥታ አይነገርማ። ማርታ አርፋለች። አባቴን እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። የቪዛ ሎተሪውን ፎርም ሞልታ፣ እጁን ይዛ ፎቶ ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ከሷ ሌላ እዛ የቀረው እህት ወንድም አልነበረም። እናቴ ያን ሳምንት ይዛው የዞረችው ይሄን ነው። እኔ አጠገቧ ሆኜ ለፉትቦል ቡድን ዘብ ቆሜያለሁ።

ቅዳሜ ሰማዩ ነጭ ነበር። ደመናም አይደለም፣ ብርሃኑ ራሱ የነጣ። ሜዳው ላይ ሙቀቱ እየተነነ የተጫዋቾቹን እግር ያቀልጠዋል፣ ከጉልበታቸው በታች ውሃ ላይ የሚሮጡ ነው የሚመስሉት። ተመልካቹ እንደወትሮው ነበር፣ አስር አስራ ሁለት ሰው፣ ሚስቶችና ልጆች፣ አንድ ሁልጊዜ የሚመጣ ውሻ የያዘ ሽማግሌ። እናቴ እጇን ታፋዎቿ መሃል ከታ ከጎኔ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ግማሽ ሲያልቅ ግራናይት ሃያ ሰባት ለሰባት እየተመራ ነበር። ተጫዋቾቹ ጥላ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ህንጻ ጀርባ ሄዱ።

ያኔ ነው መኪኖቹ መምጣት የጀመሩት።

የጋሼ ዓለምብርሃን እቅድ አራት ሰው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳው ላይ ይደርሳሉ፣ አባቴ ራሱ እንዳይነዳ ወደቤት ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሌላው ሰው ቤት ሆኖ ይጠብቃል። ግን የሰማ ሁሉ «እኔ ቀርቼ?» አለ። አንዱ አንዱን ይዞ መጣ። ሰዓቱን ደግሞ ጋሼ በሚያውቁት ኳስ ነው ያሰሉት። አርባ አምስት፣ አስራ አምስት እረፍት፣ አርባ አምስት፣ በቃ። የአሜሪካኖቹ ኳስ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ማንም አልነገራቸውም። ስለዚህ «አልቋል» ብለው መሃሉ ላይ ደረሱ፣ ሁለት መቶ ሰው።

ህልም የሚመስለኝ ይሄ ነው። ካምሪ በካምሪ ላይ ፓርክ ሲያደርግ፣ በሮች ሲከፈቱ፣ ሰዎች በዛ ነጭ ብርሃን ውስጥ ቀስ ብለው ሲራመዱ። ከአቮንዴል፣ ከክላርክስተን፣ የሆስፒታል ዩኒፎርማቸውን ያላወለቁ። ወንዶቹ ጥቁር፣ ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ ላይ ነጭ ነጠላ። ጥቁርና ነጭ! የግራናይት ቀለም! ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ቡድኑ እንዳይፈርስ ቤተክርስቲያኑ በሙሉ የማልያውን ቀለም ለብሶ መጣ!

ኮች ዳርኔልም ከኔ አይሻልም። ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ቀረ። ከዛ እየዞረ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አወቁን!» ይላል። «ሦስት ዓመት ፈጀ፣ ግን አወቁን!» ፋንዲሻ ይዞ ሰው መሃል ገባ። ማንም አልበላለትም።

«ተመልካች ምሰሉ!» አሉ ጋሼ ዓለምብርሃን በሹክሹክታ፣ ከወንበር ወንበር እየሄዱ። «ቀጥ ብላችሁ አትቀመጡ። ለቅሶ ቤት አይደለም። ፈታ በሉ!»

እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። አባቴ አላየማ! ህንጻውን ዞሬ ሮጥኩ። ግድግዳው ስር ተቀምጦ ውሃ ራሱ ላይ እያፈሰሰ ነበር።

«አባዬ! አባዬ! ሰው መጣልህ!»

«የምን ሰው?»

«ሁሉም! ቸርቹ በሙሉ! ወንበሩ ሞላ!»

«ሂድ ወደዛ፣ ቀልደኛ።»

«አይ ስዌር! አንክል መክብብ መጥቷል!»

ሳቀ። «መክብብ? ቅዳሜ? ማደያውን ማን ይዞለት?»

«ዘግቶ ነው የመጣው! አንቲ ሃኒም ሱቋን ዘግታለች!»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፣ ግን መንቀሳቀሱን አቆመ። ቪዲዮ ፖዝ ሲደረግ እንደሚቆመው። ውሃው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሌላስ ማን አለ?» አለኝ።

በጣቴ እየቆጠርኩ ዘረዘርኩለት። የመዘምራኑን፣ የጎረቤቶቻችንን፣ ከሱ ጋር የሚሰሩትን ሹፌሮች። እያንዳንዱ ስም ስጦታ ነበር፣ አንድ በአንድ ነው የምሰጠው። ትልቁን ለመጨረሻ አቆየሁት።

«ጋሼ ዓለምብርሃንም መጥተዋል!»

«ቱታቸውን ለብሰው?»

«ኖ! ሱፍ! ጥቁር ሱፍ፣ ከራቫት ሁሉ አድርገዋል!»

ነፍሳቱ ዛፉ ላይ ይጮሃሉ። አባቴ ወደ ህንጻው ጥግ አየ፣ ሰዎቹ ወዳሉበት፣ ግን ከዛ ምንም አይታይም። ጋሼ ዓለምብርሃን ሱፍ ለብሰው ጠዋት በር ያንኳኩበት ቤት ሁሉ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም ነበር። አባቴ ያውቃል። ስንቴ አብሯቸው ሄዷል።

«እናትህ አጠገብ ማን ተቀመጠ?»

«ሁሉም ሰው። አንቲ ሃኒ እጇን ይዛታለች።»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። አሰረው። እንደገና ፈታው። እንደገና አሰረው። ያኔ ፈራሁ። ሚስጥሩን ያወቀ መሰለኝ፣ እና እኔው ብነግረው ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

«አባዬ፣ እንዳታዝን እሺ? ቡድኑ ሊፈርስ ነው። ሰኞ ነው የሰማሁት። እንዳታዝን ብለው ነው ሁሉም የመጡት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ።

«እሱንማ ከወር በፊት ነው የምናውቀው» አለ። «ኮች ሚስጥር አይችልም።»

«ታዲያ አላዘንክም?»

ወደ ደረቱ ሳበኝ። ማልያው ረጥቧል፣ ሳርና ላብ ይሸታል። ልቡ በፍጥነት ሲመታ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል።

«ስማኝ፣ ኤልቃና» አለ። ሙሉ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣ ነው፣ አሁን ግን አልተቆጣም። «እናትህ ይሄን ሳምንት በጣም ደክማለች። እኔ እንዳወቅኩ እንዳታውቅ። የኔና ያንተ ነው። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

«ሂድ፣ አጠገቧ ተቀመጥ።»

ሁለተኛው ግማሽ ማለቂያ አልነበረውም። የኛ ሰዎች ተመልካች ለመምሰል የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ጋሼ ሲያጨበጭቡ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ጋሼ ደግሞ የሚያጨበጭቡት ሰው ሲወድቅ ነው፣ የኛም ሲወድቅ። አንዳንዶቹ ሴቶች እየተነሱ ከወንበሮቹ ጀርባ ሄደው ዓይናቸውን ጠርገው ይመለሳሉ። ስለተሸነፍን መስሎኝ አንቲ ሃኒን «ገና ነው፣ እንደርስባቸዋለን» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?» ይላል አንክል መክብብ። «ሰዓቱ ላይ አራት ደቂቃ ካለ ግማሽ ሰዓት ሆነው!»

«ያቆሙታል እኮ» አልኩት። «ሰዓቱን ያቆሙታል።»

«ሰዓት ማቆም የሚችሉ ከሆነማ...» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር አባቴን ጠሩት። ምንም የሚለውጥ ምት አልነበረም፣ በሃያ ነጥብ ነው የተበለጥነው። ሄልሜቱን አጥልቆ ብቻውን ወደ ሜዳው መሃል ሄደ። ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት እርምጃ ወደኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን። ወደኛ አላየም። እግሩ ሲነሳ አየሁ፣ ድምጹ ዘግይቶ መጣ። ኳሷ ነጩ ሰማይ ውስጥ ገብታ ጠፋች፣ በእውነት ጠፋች፣ ከዛ ከቢጫዎቹ ቋሚዎች ጀርባ ቀስ ብላ ወረደች።

አንዷ እናት ራሷን ረስታ እልል አለች።

«ኧረ ዝም በይ!» ብለው ከግራ ከቀኝ ቆነጠጧት። ግን አንዴ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ያሸነፍን መስሏቸው፣ እናቴም ቆመች፣ እንባዋ እየወረደ ታጨበጭባለች። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ቋሚዎቹን እያየ እንደቆመ ቀረ። ኮች «አሽ! ና ውጣ!» ብሎ ይጠራዋል። አልሰማም። እኔ ጭብጨባው እንዳያልቅበት ፈልጎ መስሎኝ ነበር።

ሃያ ሰባት ለአስር ተሸነፍን። አንክል መክብብ የኛን መኪና «ቁልፉን አምጣ፣ ደክሞሃል» ብሎ ነዳ። አባቴ ሰጠው። ቤታችን የቤተክርስቲያን ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረው ነበር። አባቴ ወንበሮቹን አየ፣ እናቴን አየ፣ «ምን ሆናችኋል ሁላችሁም?» አለ። በትክክለኛው ድምጽ።

ጋሼ ዓለምብርሃን አጠገባቸው አስቀመጡት፣ እጁን ያዙት። «አሸብር» አሉ፣ «አንተ የእምነት ሰው ነህ። ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው...» እኔ ሌላውን አልሰማሁም፣ የእናቴ ጩኸት ሸፈነው። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ፣ ማልያውን እንደለበሰ፣ ድምጹን አውጥቶ አለቀሰ። ሁሉም አለቀሰ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ገርሞኛል። በዓለም ላይ እንደዚህ የተለቀሰለት የፉትቦል ቡድን ያለ አይመስለኝም።

የእትዬ ማርታን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ሳይ ነው የገባኝ። እሱም በከፊል። ሌላኛው ከፊል የገባኝ አምና ነው። አባቴን ከስራ ላመጣው ሄጄ መኪና ውስጥ ያንን ገጽ አነበብኩለት፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚለውን ጭምር። ይስቃል ብዬ ነው።

«አንተ ነህ የነገርከኝ» አለ፣ በመስኮቱ እያየ።

«ምኑን?»

«ማርታን። ጋሼ ሱፍ ለብሰዋል ስትለኝ።»

መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብቄ፣ ስልክ ነቅዬ፣ በመጨረሻ በጣቴ እየቆጠርኩ መርዶ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«አይዞህ» አለኝ። «እየሳቀ የነገረኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እንደሱ መሆኑ ደስ ይለኛል።»

«እያወቅክ ነው እንዴ ታዲያ የመታኸው?»

«እነሱ የማያውቁትን ኳስ የሚወዱ መስለው ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጡልኝ። እኔ የማውቀውን አንድ ኳስ መምታት ያቅተኛል?»

ባለፈው እሁድ ቤት እንግዶች ነበሩ፣ በቅርብ የመጡ ባልና ሚስት። ሚስትየው ወንድሟ ሞቶ ሰዎች ከእሷ መደበቅ እንዳቃታቸው እያወራች ነው፣ ከፊታቸው አውቃባቸዋለች። እናቴ ተነሳች። አሁን ያቺን ታሪክ ልታወራ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።

«እኔ አምስት ቀን» አለች፣ አምስት ጣቷን ዘርግታ። «አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ እየበላን! አንዲትም ነገር አልጠረጠረም። ጠይቁት፣ ይኸው ተቀምጧል!»

እንግዶቹ ወደ አባቴ ዞሩ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

«ምንም» አለ አባቴ። «ድንገት ነው የሆነብኝ።»

«አላልኳችሁም?» አለች እናቴ፣ እና ወጡን ከሁሉ አስቀድማ ለሱ ጨመረችለት።